ቀዮን ያዳነ እጅ

በአንድ ወቅት፣ መሬትም እንደ ሰው ይታመማል፣ እንደ ሰውም ይድናል ብለው በሚያምኑ ገበሬዎች አገር፣ ጥዑም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆችና አንድ ማሳ ነበሯት። ልጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ የታመመው ማሳው ነው።

ማሳውን ቀዮ ይሉታል። ባሏ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ገብስ በገብስ ላይ ሲዘራበት ኖረ። እንዲያሳርፈው የመከሩት ነበሩ፤ ግን ልጆች እየተራቡበት መሬት የሚያሳርፍ አባት የለም። በመጨረሻ ገብሱ ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ቢጫ እየሆነ ዘሩን እንኳ መመለስ አቃተው። ሰውየውም በዚያው ሰሞን አረፈ። አላፊ አግዳሚው «ቀዮ ሞተ፣ ባለቤቱም ተከተለው» ይል ጀመር። እንዲህ ያለ ቀልድ እኔ አልወድም፤ ግን ብለዋል።

ከአባትየው አርባ በኋላ ጥዑም ልጆቿን በሽማግሌዎች ፊት አስቀመጠች። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሳው ጠባብ ነው፤ ለሦስት ቢከፈል አንዱንም አያኖርም። ሳይከፈል ከዳነ ግን አንድ ቤተሰብ ያኖራል። መሬቱን ያላገኙት ሁለቱ ቆላ ወርደው በሰው እርሻ ሰሊጥ እያጨዱ ከማደር ሌላ ዕጣ የላቸውም። ቆላ ከወረደው ደግሞ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይባላል፤ ጥዑም በአንድ ክንድ ድንበር ወንድም ወንድሙን ሲገድል በዓይኗ ያየች ሴት ናት።

«ቀዮን ያዳነ ይውረሰው» አለች። «ያላዳነ ሳይጣላ ይሂድ። ማሉልኝ።»

ሦስቱም ማሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጥዑም፣ ማን እንዳዳነው በምን ይታወቃል?» አሏት።

«ገብሱ ይናገራል» አለች። ገብስ አፍ እንደሌለው ያን ጊዜ አላሰበችም።

በኩሩ አንለይ ነው። ዝምተኛ ነው፤ የዝምተኛ ደግሞ ግትሩ አይጣል ነው። መሬት የሚድነው እጅ አንስተው ሲያሳርፉት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ በበጋው ቀዮን ከብት እንዳይረግጠው ዙሪያውን በእሾህ አጠረው፤ የዝናቡ ውሃ እንዳያመልጥ በላይ በኩል እርከን ሠራለት። ከዚያ የሰው መሬት በእኩል ከሚያርሰው ማሳ ያገኘውን ገለባ በሙሉ፣ አንዲት ጭብጥ ሳያስቀር፣ ቀዮ ላይ አለበሰው። ጎረቤት ሳቀ። «ለአፈር ገለባ የሚያበላ ሰው በሬዎቹን ምን ሊያበላ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ከሁለት በሬዎቹ አንዱ፣ ዳማው፣ ከስቶ ከስቶ አንድ ቀን ከተኛበት ሳይነሳ ቀረ። አንለይ ራሱ ገፈፈው። ከዚያ በኋላ ለማረስ ከሰው በሬ ጋር መቀናጆ የሚለምን ሰው ሆነ። ገለባውን ግን ከቀዮ ላይ አላነሳም፤ ከስሩ አፈሩ እየረጠበ፣ እየጠቆረ ሲሄድ አንዳንዴ ገለጥ አድርጎ ያየዋል፤ መልሶም ይሸፍነዋል።

የመጨረሻው ልጅ ምንይችል ነው። እሱ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም። «በሽተኛ መድኃኒት እንጂ ዝምታ አያድነውም» ብሎ ወንዝ ተሻግሮ፣ የደከመ መሬት ላይ ግብጦ የሚባለውን ጥራጥሬ ዘርተው መሬቱን ወደሚያነሱ ሰዎች አገር ሄደ። እዚያ በሰው ማሳ አርሞ፣ በሰው አውድማ ወቅቶ፣ በላቡ የግብጦ ዘር አገኘ። ጆንያውን በጀርባው አዝሎ ያን ሁሉ ዳገት ወጣ፤ ሲደርስ ትከሻው ቆስሎ ነበር። ዝናቡ እንደገባ፣ አንለይ ገበያ በወጣበት ቀን፣ ገለባውን በማረሻ ገልብጦ ዘሩን ከዳር እስከ ዳር ዘራው።

አንለይ ከገበያ ሲመለስ በማሳው ጠርዝ ቆመ። ገለባው ግማሹ ተቀብሯል።

«በሬ የገበርኩበትን ገለባ ገለበጥከው» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ። ዘራሁበት።»

«በማን መሬት?»

«በሚያድነው ሰው መሬት።»

አንለይ የያዘውን በትር ጠበቅ አደረገው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ምንይችል ግን የወንድሙን እጅ አይቶት ስለነበር ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ዱላ ማሳው አይሄድም።

ግብጦው በቀለ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጥቂት ቅጠል እንዳወጣ ቢጫ ሆነ፤ ባለበት ቀረ። ምንይችል «ገለባህ ነው፤ እየበሰበሰ ምግቡን የቀማብኝ» አለ። አንለይ «ዘርህ ነው፤ የማያውቀው አገር አምጥተህ» አለ። ኋላ እንደታወቀው ሁለቱም ከእውነት ብዙ አልራቁም። የሚያሳዝነው፣ እውነት የያዘ ሰው ከተሳሳተ ሰው ይልቅ ለጠብ ይቸኩላል።

በመካከላቸው ያለችው ይታይሽ ናት። እዚያች ግብጦ የሚዘራባት አገር ተድራ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎ ተፈትታ የተመለሰች ናት። ወንድሟ ዘሩን ሲዘራ ምን እንደጎደለው ታውቅ ነበር። በባሏ አገር፣ ግብጦ ተዘርቶበት በማያውቅ ማሳ ላይ ሲዘራ፣ ከአሮጌ የግብጦ ማሳ አንድ ቁና አፈር አምጥተው ከዘሩ ጋር ያሹታል። «ግብጦ የለመደውን አፈር ካላገኘ ይከፋዋል» ይላሉ። ታዲያ ለምን አልነገረችውም ትሉኝ ይሆናል። እሷም ምላ ነበር፤ እሷንም ቆላ ይጠብቃታል። ወንድሟም አልጠየቃትም።

ግን ዝም ብላ ብትቀመጥ ግብጦው ይሞታል። ወደ ቀድሞ ባሏ አገር ሄደች። የዚያ አገር ሰው አፈሩን ለዘመዱ እንጂ ለባዕድ አይሰጥም፤ አፈር ከወጣ የማሳው ገድና በረከት አብሮ ይወጣል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚውልበትን የሚካኤልን ዕለት መረጠች። ብልኃት መስሏት ነው። በሥራ ቀን ብትቆፍር ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር፤ በበዓል ቀን ግን ዶማ የያዘ ሰው ከሩቅ ይታያል።

ከቅዳሴ የሚመለሱት አዩአት። የቀድሞ ባሏ አበጀ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ እየሮጡ መጥተው ከበቧት።

«በሚካኤል ቀን ምን ልትቀብሪብኝ መጣሽ?» አላት። ድግምት መስሎታል።

«አልቀበርኩም፤ አፈር ወሰድኩ» አለች።

ይህ ባሰ። «ገዳችንን ልትወስድ ነው!» አለ አንዱ፤ ዱላ ተነሳ። ይታይሽ አልሮጠችም፤ የሚሮጥ ሰው እንደሚመታ ታውቃለች። የአበጀ እናት ወይዘሮ አንጓች ሰዉን በመቋሚያቸው ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ። የቀድሞ ምራታቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

«አፈር የሞላሽውን ጆንያ ድፊው» አሏት። ደፋችው።

«መቀነቷስ?» አለ አበጀ። «መቀነቷ ይፈታ።»

«የሴት መቀነት በአደባባይ አይፈታም» አሉ አሮጊቷ። «ሂጂ። ሁለተኛ እግርሽ እዚህ እንዳይደርስ።»

ሄደች። ከጆንያው በፊት መቀነቷን ነበር የሞላችው። እርጥቡ አፈር ወገቧን እያቀዘቀዘው ያን ሁሉ መንገድ ወጣች። አሮጊቷ የመቀነቷን እብጠት አይተው ይሁን ሳያዩ፣ ይህን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ቤቷ ስትደርስ አፈሩን በእንስራ ውሃ በጠበጠችው። ዝናብ ባካፋ ቀን፣ በየግብጦው ሥር እየዞረች አፈሰሰችው። ምንይችል «ጭቃ በጭቃ ላይ፣ እትዬ?» ብሎ ሳቀባት፤ ያም ሆኖ ውሃውን ያመላለሰላት እሱ ነው። የተወሰነ ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ ቢጫው ቅጠል ከመሐሉ መመለስ ጀመረ፤ አዲስ የወጣው ቅጠል ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነበር። በዚያ ክረምት ጥዑም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ወጥታ ቀዮን ማየት ጀመረች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እንግዲህ ሊያጋድላቸው የነበረው።

አንድ ቀን አንለይ አንዲት ግብጦ ነቅሎ ሥሯን አየ። ሥሯ ሁሉ አባብጧል፤ እንደ ኪንታሮት፣ ፍሬ ፍሬ ሆኖ። አንድ ዓመት የአባቱ ጎመን ሥሩ እንዲህ አብጦ ሲጠፋ አይቷል። በጥፍሩ አንዷን ፍሬ ሰነጠቃት፤ ውስጧ ቀይ ነው፣ ደም የቋጠረ ሥጋ ይመስላል። «እህቴ በመቀነቷ ያመጣችው የባሏ አገር ሰዎች እርግማን ነው» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ማሳው ላይ በሽታ የገባ መስሎት ነው። ሮጦ ጎረቤት ጠራ፣ ጎረቤትም ሳይጠይቅ መጣ፤ በሽታ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እንደሚዛመት ሁሉም ያውቃል። ተሰልፈው ይነቅሉ ገቡ።

ማሳው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ምንይችል ደረሰ። ዱላው በእጁ ነው።

«ጋሼ፣ እጅህን አንሳ።»

«ታሟል። ና እይ፣ ሥሩ ደም ቋጥሯል።»

«እጅህን አንሳ አልኩህ።»

አንለይ ሌላ ግብጦ ነቀለ። ምንይችል ዱላውን አነሳ፣ አንለይም ዶማ አነሳ። ይታይሽ በመካከላቸው ገብታ ያልተነቀለው ግብጦ ላይ ተኛችበት፤ «እኔን ነቅለህ እለፍ» አለችው ለአንለይ። ጎረቤቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ለመገላገል የደፈረ አልነበረም።

ጥዑም መጣች። ነጠላዋን አውልቃ በሁለቱ መካከል መሬት ላይ አነጠፈችው፤ ተንበረከከችበትና ደረቷን ገለጠች። «ያጠባኋችሁ ጡት ይኸው» አለች። «ይህን ረግጦ የሚያልፍ ይለፍ።»

ይህን የሚረግጥ ልጅ በዚያ አገር አልተወለደም። ዱላውም ዶማውም ወረደ።

ጥዑም ከመሬት ሳትነሳ ፈረደች። የተነቀለው ይነቀል፤ በወደቀበት ይቅር። ያልተነቀለው ፍሬ እስኪሰጥ ማንም አይንካው። የሚመጣው ዓመት ሁለቱም እኩሌታ ገብስ ይዘራበት። አንለይ በተነቀለበት ላይ ገለባውን መልሶ አለበሰ። ያልተነቀለው አብቦ አፈራ፤ ሲታጨድ ሥሩን በአፈሩ ውስጥ ተዉት።

በዓመቱ ገብሱ ወጣ። ግብጦው ቆሞ በነበረበት እኩሌታ ደረት ደረሰ፤ ቀለሙን ያየ ሰው ቆሞ ሳያየው አያልፍም። ግብጦው ተነቅሎ ገለባ ብቻ በለበሰው እኩሌታ ደግሞ ከጉልበት በላይ ሆነ፤ ደረት አይደርስም፣ ግን ዛላው ሙሉ ነው። ቀዮ በሁለቱም በኩል ድኗል።

በዚያ ሰሞን የእርሻ ባለሙያ የሆነች ወጣት ሴት በቀበሌው ስታልፍ ገብሱ አቆማት። ጥዑም ወንበር አውጥታ አስቀመጠቻት፤ ልጆቹም ሽማግሌዎቹም ተሰበሰቡ።

«እማማ፣ በአየሩ ውስጥ ናይትሮጅን የሚባል የሰብል ምግብ አለ» አለች ባለሙያዋ። «ገብስ ግን ከአየር ወስዶ አይበላም። በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከአየሩ ወስደው ለሰብል የሚያበስሉት እነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ቤት ይፈልጋሉ። የግብጦው ሥር ላይ ያያችሁት እብጠት ቤታቸው ነው፤ በሽታ አይደለም። ግብጦው ያስጠልላቸዋል፣ ይቀልባቸዋል፤ እነሱም የኪራዩን አበስለው ይሰጡታል። ውስጡ የቀላው ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው።»

አንለይ አንገቱን ደፋ።

«ሌሎቹ ደግሞ» አለች ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «ቤት የላቸውም። አከራይ አይፈልጉም። የሚበሰብሰውን ገለባ እየበሉ በየአፈሩ ብቻቸውን ይሠራሉ። የሚያበስሉት ከእነዚያ ያነሰ ነው፤ ግን ማንንም አይጠብቁም።»

«ቀዮ ላይ የሠሩት የትኞቹ ናቸው?» አለች ጥዑም።

«ሁለቱም።»

«ማሳውን ያዳነውስ?»

ባለሙያዋ ገብሱን አየች፣ ሦስቱን ልጆች አየች። «እሱን አፈሩ ለእኔ አይነግረኝም፣ እማማ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ምንይችል አሸነፈ ተብሎ ይቀር ነበር። ግን አንድ ዓመት ተጨምሮ ሁለተኛ ገብስ ተዘራ። አንለይ በሁለቱም እኩሌታ ላይ ገለባውን አለበሰ። ግብጦ አልነበረም። በዚያ ዓመት ደረት የደረሰው እኩሌታ ወረደ፤ የገለባው እኩሌታ ባለበት ጸና። አጫጆች ከዳር ሆነው ሲያዩት ድንበሩ ጠፍቷቸው ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሆኑ።

በዚያው አዝመራ ጥዑም ታመመች። ዓይኗም ፈዞ ፈዞ ጠፋ። ከመሞቷ በፊት ነገሩን ልትጨርሰው ሽማግሌዎቹን ጠራች፤ ተሸክመው ቀዮ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። በዚያ አገር ርስት የሚተላለፈው በአፈር ነው፤ አውራሽ ከማሳው አንድ ጭብጥ አፈር ያነሳና በወራሹ መዳፍ ላይ ያፈስሳል። አንዴ ከፈሰሰ አይመለስም።

አያ ቢተው «ተናገሩ» አሉ።

ምንይችል ተነሳ። «ገብሱ ደረት የደረሰው በእኔ ዘር ነው። ባክቴሪያዎቹ ቤት ያገኙት በእኔ ግብጦ ነው። ጋሼ የነቀለውም ቢሆን እዚያው ወድቆ እዚያው በስብሷል፤ የእሱም እኩሌታ የዳነው የእኔን በልቶ ነው። ዘንድሮ ከወረደ፣ ግብጦው ስላልተመለሰ ነው፤ ስጡኝና እመልሰዋለሁ።»

ይታይሽ ተነሳች። «ቤቱ ባዶ ነበር። ባዶ ቤት ለማን ይሠራል? ግብጦው ሊሞት ሲል ያየ ሁሉ ያውቃል። ሠራተኞቹን ከግብጦ አገር አፈር ጋር በወገቤ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዱላ ተነስቶብኝ።»

አያ ቢተው «ቀድመሽ ብትነግሪው ኖሮስ?» አሏት።

«አልጠየቀኝም፣ አያ። እኔም ሰው ነኝ፤ ቆላን እፈራለሁ።»

አንለይ መጨረሻ ተነሳ። ብዙ አይናገርም። «ግብጦውን ነቅያለሁ፤ ተሳስቻለሁ። ግን መቀነቷን የፈታችው በማን አፈር ላይ ነው? አፈሩ እንደ ድሮው ራቁቱን ቢሆን ሠራተኞቹን ፀሐይ ቆልቶ ይጨርሳቸው ነበር። ያለ ግብጦ፣ ያለ መቀነት፣ የእኔ እኩሌታ አፍርቷል። ዘንድሮም አልወረደም። በሬዬን ከፍዬበታለሁ።»

አያ ቢተው ሌሎቹን ሽማግሌዎች አዩ። ከመካከላቸው አንዱ «አብረው ቢያርሱትስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንድ ቤት ነው የሚያበላው» አለች ጥዑም። «አብረው ይራቡ ትለኛለህ? ረሃቡ ሲጠና ያ ዱላ ይመለሳል፤ እኔ ደግሞ ነጠላ ላነጥፍ አልኖርም።»

ጎንበስ ብላ ከቀዮ አንድ ጭብጥ አፈር አነሳች። ጥቁር ነው፤ እርጥብ ነው። አሸተተችው። በስምንት ዓመቷ የአባቷን ማሳ ያሸተተችውን ሽታ ይሸታል አለችና አለቀሰች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

ሦስቱ ልጆች ተንበርክከው መዳፋቸውን ከፈቱ። አንደኛው በአጥር እሾህ የተቦጫጨቀ ነው። አንደኛው በጆንያ ገመድ የጠነከረ ነው። አንደኛው ትንሽ ነው፤ ከመቀነት ሥር የሚገባ። ጥዑም ዓይኗ አያይም፤ ማን የት እንዳለ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም። እጇ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ከጣቶቿ መሐል አፈሩ ትንሽ ትንሽ ይፈስሳል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔ አልናገርም፤ ብናገር ግማሻችሁ ትጣሉኛላችሁ። አፈሩ በአንዱ እጅ ከገባ ሁለቱ ዝናብ ሳይገባ ቆላ ይወርዳሉ፤ አንዱ ግብጦውን፣ አንዷ የመቀነቷን ብልኃት፣ ወይም አንዱ ትዕግሥቱን ይዞ ይሄዳል። እናትየው ደግሞ ጭብጧ እየጎደለባት ነው። እጇን ያዙላትና ንገሯት፤ ቀዮን ያዳነው ማን ነው? አፈሩ በማን መዳፍ ላይ ይፍሰስ?